ቫይታሚን የተባለው ክኒን

እፍታው ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ከዳቦ ቤቱ ምድጃ ፊት ቆሞ ፀጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። የጠዋቱ የመጀመሪያ ዙር ዳቦ ሲወጣ አንዱን ትኩሱን ገምሶ፣ አሽትቶ፣ ቀምሶ «ይሂድ» ካላለ በቀር ወደ መሸጫው መስኮት የሚያልፍ ነገር የለም። እፍታውን ሳይቀምስ አያሳልፍምና እፍታው ተባለ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ሚስቱ እንኳ ካልተቆጣች በቀር እናቱ ባወጣችለት ስም አትጠራውም።

እፍታው ወፍራም ነው። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። ድሮ ረጅምና ቀጭን ስለነበር፣ «ጋጋሪው እንዲህ ከከሳ ዳቦው ምን ቢሆን ነው?» እያሉ ደንበኞች ይቀልዱበት ነበር። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ፊቱ ክብ ሆነ፣ ጉንጩ ቀላ፣ ሆዱ ከቀበቶው በላይ ወጣ፣ ማጅራቱ ላይ ሥጋ ተከመረ። እኛ ደግሞ ሰው ሲወፍር ደስ የሚለን ሰዎች ነን። የከሳውን «ምነው፣ ምን ነካህ?» ብለን በቁሙ እናስደነግጠዋለን። የወፈረውን ግን የሚመረምረው የለም፤ «ተስማማህ» ብለነው እናልፋለን። እፍታውንም ሰፈሩ ሁሉ «ተስማማህ» አለው፤ ምስጋናውን የተቀበለችው ሚስቱ ነበረች።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ የሰው ቀሚስና የሰው ሱሪ ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ ይውላል። የባሏንም ሱሪ በየጊዜው ከወገቡ ታሰፋለች። የሚገርመው ግን ወገቡን ባሰፋች ቁጥር እግሩን ማጥበብ ነበረባት።

«ይኼ ሰውዬ ከላይ ሀብታም፣ ከታች ደሃ ሆነብኝ» ትላለች ለጎረቤቷ።

ጎረቤቷ ትስቃለች፣ እሷም ትስቃለች። የሰው ሆድ እየሰፋ እግሩ ለምን ይሰልላል ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እፍታውም አልጠየቀም። እሱ እንኳ ባይጠይቅ ምክንያት ነበረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እፍታው ከዱቄት ጋር ተጣልቷል። ዕድሜውን ሙሉ የዱቄት ብናኝ ሲስብ የኖረ ደረት አንድ ቀን እምቢ አለ። ከረጢት ሲፈታ ትንፋሹ ያጥራል፣ ደረቱ ያፏጫል፤ ማቡኪያው አጠገብ ሲቆም ሳሉ ይመጣበትና ወደ ጓሮ ሮጦ ወጥቶ እንጨት ክምሩ ሥር ጨርሶ ይመለሳል። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ መንገድ ላይ አየር አጥሮት ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። መንገደኞች ደግፈው ጤና ጣቢያ አስገቡት። «አስም ነው» አሉት። ትንንሽ ነጭ ክኒኖች ሰጥተውት፣ «ይህን ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የምትወስደው። ሲያልቅ ተመልሰህ ና፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት እናስጀምርሃለን» አሉት። ክኒኑ ተአምር ሠራ። ደረቱ ተከፈተ፣ ሳሉ ጠፋ፣ የምግብ ፍላጎቱም እንደ ወጣትነቱ ሆነ።

ተመልሶ ግን አልሄደም። አባቱም ዳቦ ጋጋሪ ነበር። አባትየው ማሳል ሲጀምር የዚያን ጊዜው አሠሪ «የሚያስል ሰው የነካውን ዳቦ ማን ይበላል?» ብሎ አሰናበተው። አባትየው ከዚያ ወዲያ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሌላ ሰው የጋገረውን ዳቦ እየነቀፈ ሞተ። እፍታው ይህን በዓይኑ አይቷል። ጤና ጣቢያ ደጋግሞ የሚመላለስ ሰው ደግሞ ወሬው አይደበቅም። ስለዚህ የክኒኑን ማሸጊያ ይዞ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ሄደ። ሽማግሌው ሻጭ ምንም ሳይጠይቅ ሰጠው፤ ሲያልቅም ደግሞ ሰጠው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እፍታው በሽታውንም ደብቆ፣ መድኃኒቱንም አግኝቶ ተረቱን ያሸነፈው መሰለው።

ሚስቱ ስትጠይቀው «ቫይታሚን ነው» አላት። እንዲያውም ባዶ የቫይታሚን ጠርሙስ ፈልጎ ክኒኖቹን እዚያ ውስጥ ገለበጣቸው። ያልነገራት ስለማይወዳት አይደለም። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሚስት ቀሚሷን የምታሰፋው እሷው ዘንድ ነው፤ የእሷ አፍ ደግሞ መርፌ እንጂ ምስጢር አይይዝም። ዛሬ ለእሷ የተነገረ ነገር ነገ ከቀሚስ ጋር ተጠቅልሎ አሠሪው ቤት ይደርሳል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ፣ ክኒኑንም በየጠዋቱ ዋጠ።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ከዚያ ውሃ ጥሙ መጣ። ጆግ ሙሉ ውሃ ጠጥቶ አሁንም ምላሱ ይደርቃል፤ ሽንት ቤት ሲመላለስ ይውላል። የምድጃው በር ነካ ያደረገው ክንዱ ይበልዛል፣ የተጫረ ቆዳው አልድን ይላል። ሚስቱ እጁን ይዛ ወደ ክሊኒክ ወሰደችው። ስኳር ተገኘበት፤ ደም ግፊቱም ከፍ ብሏል።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» አለች ሚስቱ።

ነርሱ «የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?» ሲለው ሚስቱ ጎኑ ተቀምጣ ነበርና «የለም» አለ።

«ቫይታሚን ብቻ ነው የሚወስደው» ብላ እሷ አሟላችለት።

ነርሱ አልጻፈውም። ቫይታሚንን ማን ይጽፋል? የስኳር እንክብል አዘዘለት፣ ክብደት ይቀንስ ዘንድ መከረው፣ ሸኛቸው።

ሚስቱ ያን ቀን ጦርነት አወጀች። ከቤቱ ውስጥ ጣፋጭ የሚባል ነገር ጠፋ፤ የስኳር ዕቃው ጎረቤት ተሰደደ፤ ሳህኑ በቅጠል ተሞላ። ይህ ሁሉ ደግ ነበር። እፍታው ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ግን እሷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «ቫይታሚንህንም ጣልኩት» አለችው።

እጁ የጫማው ማሰሪያ ላይ ቀረ።

«የት ጣልሽው?»

«ሽንት ቤት። ውሃም ለቅቄበታለሁ። ምን ታፈጥብኛለህ? ጠርሙሱን አንብቤዋለሁ እኮ። የምግብ ፍላጎት ይጨምራል ይላል። አንተ ደግሞ ምግብ አስጠልቶህ ያውቃል?»

እፍታው የሚናገረው ነገር ጉሮሮው ድረስ መጣ። ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን ሰማያዊ ቀሚስ አየ፤ የአሠሪው ሚስት ቀሚስ ነበር።

«አይ፣ ደግ አደረግሽ» አለ።

ሰውየውን ልትገድለው የነበረችው ይህች ቃል ናት። በሽታ ብቻውን ሰው የሚገድለው አልፎ አልፎ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚያቀልለት የኛው ይሉኝታ ነው።

በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ በመድኃኒት ቤቱ በኩል ዞረ። ሽማግሌው ሻጭ የለም፤ ጡረታ ወጥቷል። በእሱ ቦታ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ወጣት ቆማለች። የክኒኑን ስም ሲነግራት አቀርቅራ ትጽፍ የነበረችው ቀና አለች።

«ማዘዣ ይዘዋል?»

«ማዘዣ እንኳ የለኝም።»

«ያለ ማዘዣ አልሰጥም። ይሄ እንደ ከረሜላ የሚቃም ነገር አይደለም። ለማን ነው? ለረጅም ጊዜ ሲወስዱት ነበር?»

«ለጎረቤት ነው» ብሎ ወጣ።

ልጅቷ ከኋላው «ለጎረቤትዎ በድንገት እንዳያቋርጡት ይንገሯቸው» ስትል በሩ ተዘግቶ ነበር። እሱ ቢሰማ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። እሱ ግን መንገዱን ሲሻገር የሚያስበው ሌላ ነው። ለካስ ያወፈረኝ እሱ ክኒን ከሆነ፣ እሰየው፣ ተገላገልኩት አለ በልቡ። ደረቱ ካፏጨ ያን ጊዜ አንድ ነገር ይፈልጋል። እስከዚያ ግን ወንድ ልጅ ነው፣ ይችለዋል።

ደረቱ ወዲያው አላፏጨም፤ ያዘናጋውም ይኸው ነው። ያልጠበቀው ነገር በሌላ በር ገባ። መጀመሪያ ጉልበቱ ከዳው። ድሮ በአንድ ትንፋሽ የሚያነሳው ሊጥ ክንዱን አንቀጠቀጠው። ቀጥሎ መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ እንደተደበደበ ሰው ታመሙ። ከተቀመጠበት ሲነሳ ቤቱ ይዞርበታል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የዳቦው ሽታ አስጠላው። ከምድጃው የወጣውን የመጀመሪያ ዳቦ ገምሶ ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ ሆዱ ተገለበጠና ሳይቀምስ «ይሂድ» አለ። ባልደረቦቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም።

ቤት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሚስቱ የሱሪውን ወገብ በሁለት ጣቷ ይዛ ሳበችው።

«ሱሪው ሰፋህ! አየህ፣ ያልኩህ ሊሆን ነው። መቀነስ ጀምረሃል።»

«ደከመኝ» አላት።

«ሲቀንሱ መጀመሪያ ይደክማል አሉ። ቻለው።»

ቻለው። ያስመልሰው ጀመር፤ እሱንም ቻለው። ጠዋት ግንባሩን ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆት፣ «እስቲ ትንሽ ጣፋጭ ሻይ አድርጊልኝ» ሲላት ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ስኳርህን ልታወጣው ነው? ባዶውን ጠጣ።»

«ዛሬ እንኳ...»

«ዛሬ የሚባል ነገር የለም። ዛሬ የሚሉ ሰዎች ናቸው እግራቸው የሚቆረጠው።»

ክፋት አልነበረባትም። የተነገራትን ጠብቃ ነው። ዓይኗ ግን ፊቱ ላይ ቆየ፤ «ዛሬ ብትቀርስ?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እሱ ግን መቅረት አይችልም። ቀርቶ አያውቅም፤ ከቀረ አሠሪው ምን ሆነህ ነው ማለቱ አይቀርም። ባዶውን ሻይ ጠጥቶ፣ ግድግዳ እየተደገፈ ወጣ።

ሁለተኛው ዙር ዳቦ ሲደርስ የምድጃውን በር ከፈተ። ረጅሙን የእንጨት ማውጫ ወደ ውስጥ ሰደደ፣ ሳበ። ዳቦዎቹ ወደ እሱ ሲመጡ አያቸው፤ ከዚያ ጠርዛቸው ጠቆረ፣ የምድጃው ብርሃንም ጠቆረ። ወደ ፊት ቢወድቅ ፊቱ እሳት ውስጥ ነበር። እግዜር ሲያተርፍ ወደ ኋላ ወደቀ፤ ትኩሱ ዳቦ ደረቱ ላይ ተበተነ።

በዳቦ ማመላለሻው መኪና፣ በባዶ ሣጥኖች መሃል አስተኝተው ሆስፒታል አደረሱት። መኪናውን የነዳው የዳቦ ቤቱ ባለቤት ራሱ ነው። ሚስቱም የሰው ቀሚስ መርፌ እንደተሰካበት ጥላ፣ የጣት ቆቧን ሳታወልቅ እየሮጠች ደረሰች።

ከዚያ በኋላ ያለውን እፍታው የሚያስታውሰው በብጥስጣሹ ነው። ነጭ መጋረጃ፤ ክንዱ ላይ የሚጠብቅ የደም ግፊት መለኪያ፤ «እንደገና ለኪው፣ አልያዘም» የሚል ድምፅ። ጣቱን ወጉት። «ስኳሩ ወርዷል» አለች አንዷ፣ በደም ሥሩም ግሉኮስ ገባ። ዓይኑ ትንሽ ተገለጠለት። ግፊቱ ግን አልነሳም አለ። ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣች የምትመስል ሐኪም ጎንበስ ብላ ሸሚዙን ገለጠች። ሆዱ ላይ የተሰነጣጠቁትን ሐምራዊ መስመሮች አየች። የበለዘውን ክንዱን አየች፣ ክቡን ፊቱን አየች፣ የሰለለውን እግሩን አየች። ከዚያ ለነርሷ፣ «ባለቤቱን ጥሪልኝ። ሌላ ሰው አይግባ» አለቻት።

ነርሷ በሩ ላይ ቆማ «የበሽተኛው ባለቤት!» ስትል የዳቦ ቤቱ ባለቤት ተነሥቶ ገባ። ሰው ሁሉ ባለቤት እያለ የሚጠራው ሰው ስለሆነ ጥሪው ለእሱ መሰለው። ሚስት ደግሞ ከኋላው ተከትላ ገባች። ሐኪሟ ወንድምና ሚስት መስለዋት ዝም አለች።

አሠሪው እፍታው ግርጌ ቆመ። መንገድ ላይ የወለቀውን የእፍታውን አንድ እግር ጫማ በሁለት እጁ ይዟል።

«ጊዜ ስለሌለን ቶሎ ይመልሱልኝ» አለች ሐኪሟ። «ሰሞኑን ይወስዱት የነበረ መድኃኒት አለ? ማንኛውም። ለመገጣጠሚያ፣ ለቆዳ፣ ለአስም...»

አስም የሚለው ቃል ሲነሣ የእፍታው ዓይን ሳያስበው ወደ ግርጌ ሄደ።

«የለም» አለ።

«እሱ እኮ ታሞ አያውቅም፣ ዶክተር» አለ አሠሪው። «ይህን ሁሉ ዓመት ምድጃዬ ላይ ሲቆም አንድ ቀን ሲያስል ሰምቼው አላውቅም።»

«የስኳር እንክብሉን ነው የሚወስደው» አለች ሚስቱ። «ቫይታሚንም ነበረው። እሱን ግን እኔው ጥዬበታለሁ።»

ሐኪሟ ቀና አለች።

«ምን ዓይነት ቫይታሚን? ምን ይመስላል?»

«ትንንሽ ነው። ነጭ።»

«ማን አዘዘለት?»

ሚስቱ ወደ ባሏ ዞረች። ማን እንዳዘዘለት ጠይቃው አታውቅም። ሐኪሟም ወደ እሱ ጎንበስ አለች።

«ይስሙኝ። የጠረጠርኩት ከሆነ መርፌው እዚሁ አለ። ካልሆነ የሆድ ውስጥ ደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል፣ ልብ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ስፈልግ ደግሞ ግፊትዎ አይጠብቀኝም። ክኒኑ በእርግጥ ቫይታሚን ነበር?»

እፍታው ሰማ። የተጠየቀውን አንድም ቃል ሳያመልጠው ሰማ። አባቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ታየው። አሠሪው በሁለት እጁ የያዘው ጫማ ላይ የደረቀ ሊጥ ተጣብቋል። ከሞት ይልቅ ያ ሊጥ አስፈራው፤ ሰው ሞኝ ነው።

«ቫይታሚን ነው» አለ።

ይህን ሲል ሚስቱ አየችው። እሷ ብዙ የማታውቀው ነገር አለ፤ ሆርሞን አታውቅም፣ ዕጢ አታውቅም። የባሏን ፊት ግን ታውቃለች። የሚያየውን ተከትላ አየች፤ ዓይኑ ያረፈው አሠሪው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ፍርሃት በዚህ ሰው ፊት ላይ አይታ አታውቅም።

«ጋሼ» አለች ወደ አሠሪው ዞራ፣ ጨዋ ድምፅ አውጥታ፣ «መኪናዎ በሩን ዘግቶብናል እያሉ ነው። እባክዎ ቢያነሡልን።»

ማንም እንዲህ አላለም። አሠሪው ግን «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ጫማውን እንደያዘ ሮጦ ወጣ። መጋረጃው ሲዘጋ ሚስቱ በጆሮው አጠገብ ጎንበስ አለች። ከአፏ ቀልድ ጠፍቶ ነበር።

«አሁን ማንም የለም። ምንህን ነው የጣልኩብህ?»

እፍታው ከንፈሩን አላቀቀ።

«የአስም ነው።»

«በየቀኑ ነበር የሚወስዱት?» አለች ሐኪሟ።

«በየቀኑ። ብዙ ዓመት።»

ሐኪሟ ሌላ አልጠየቀችም። «ሃይድሮኮርቲዞን፣ አሁኑኑ» ስትል ነርሷ መርፌውን ቀድሞውኑ ይዛው ነበር። ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። መርፌው ሲገባ፣ ጨው ያለበት ፈሳሽ ሲንጠባጠብ፣ ግፊት መለኪያው ሲጠብቅና ሲላላ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እንዲህ ዝም ማለቷ እፍታውን ከሕመሙ በላይ አስጨነቀው።

ወደ ከሰዓት በኋላ ግፊቱ ከፍ አለ። ማቅለሽለሹ ተወው፣ ጣቶቹ ሞቁ፣ ደረቱ ግን እንደ ድሮው ማፏጨት ጀመረ። ሐኪሟ ወንበር ስባ በመካከላቸው ተቀመጠች።

«ከኩላሊታችን አናት ላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ» አለች። «ሰውነት ሲታመም፣ ሲራብ፣ ሲደክም የሚያቆመንን ሆርሞን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። የእርስዎ ክኒን ያው ሆርሞን ነው፣ ያውም በርከት ያለ። ከውጭ ሲገባላቸው ዕጢዎቹ ሥራ ፈትተው ተኙ። ፊትዎን ያከበበው፣ ሆድዎን ያሰፋው፣ ጡንቻዎን የበላው፣ ስኳርዎንም ግፊትዎንም ያወጣው የክኒኑ ብዛት ነው። ሲቋረጥ ደግሞ የተኙት ዕጢዎች ሊነሡ አልቻሉም። ባዶዎን ቀሩ።»

«እኔ ነኝ የጣልኩት» አለች ሚስቱ።

«ቫይታሚን ነው ተብለው ነው የጣሉት» አለች ሐኪሟ።

ቀጥላም ነገረችው። ክኒኑ አሁን ሊቆም አይችልም፤ በወራት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እየተቀነሰ፣ ዕጢዎቹ ቀስ ብለው ይነቃሉ። እስከዚያ ትኩሳት ወይም ትውከት ከመጣ ቤት ተቀምጦ መቻል የለም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ይህን የሚናገር ካርድ ኪሱ ውስጥ ይኖራል፤ የትም ቢወድቅ ያገኘው ሰው ያነብለታል። ለአስሙ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ይጀምራል። ስኳሩ ክኒኑ ሲቀንስ አብሮ ሊወርድ ይችላል፣ ላይወርድም ይችላል፤ ክትትል ይፈልጋል።

«ከዱቄት ግን ይርቃሉ» አለችው በመጨረሻ። «የዱቄቱ ብናኝ ካልቀረ የማደርግልዎ ነገር ሁሉ ግማሽ ነው።»

ሐኪሟ ስትሄድ ሚስቱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የጣት ቆቧን አሁን ገና አወለቀች።

«ለእኔ ሳትነግረኝ ልትሞት ነበር» አለችው። «ነፍሰ ገዳይ ልታደርገኝ ነበር። ሻይ ስትለምነኝ ከለከልኩህ። ይህን ይዤ እንድኖር ነበር የፈረድክብኝ?»

«አፍሽን ፈርቼ ነው።»

እውነት መሆኑን ታውቃለች። እንባዋ ወረደ፤ እሱም አለቀሰ። ሁለቱም ቀና ሲሉ አሠሪው መጋረጃውን ገልጦ ቆሟል። ጫማውን አልጋው ሥር አስቀመጠው።

«ምንድን ነው አሉ?»

ሚስቱ ወደ ባሏ አየች። እሷ ልትመልስ አልደፈረችም፤ መልሱ የእሱ ነው።

«አስም ነው፣ ጋሼ» አለ እፍታው። «ከዱቄቱ ነው የመጣብኝ። ክኒን እየዋጥኩ ደብቄዎት ኖሬያለሁ።»

አሠሪው ጥሩ ሰው ነው፤ ሠርግም ልቅሶም አይቀርም፣ የሠራተኛ ልጅ ሲታመም መኪናውን ይሰጣል።

«ብትነግረኝ ኖሮ አሰናብትህ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አሁንም ምድጃው ላይ ልመልስህ አልችልም።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«መሸጫው መስኮት ጋ...» ብሎ ጀመረ አሠሪው፣ ከዚያ አንገቱን ነቀነቀ። «ደንበኛ ያይሃል። ብቻ ላስብበት።»

ላስብበት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው እኛ ዘንድ የለም። አሠሪው «እግዜር ይማርህ» ብሎ ወጣ፤ ኮቴው ኮሪደሩ ላይ ቶሎ ጠፋ።

እፍታው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለማዳን የዋሸለት ምድጃ ሄዷል፤ የቀረው ሊሸጠው የተዘጋጀው ሕይወቱ ብቻ ነው። ነገ ማለዳ ምን እንደሚሠራ አያውቅም። ደረቱ ውስጥ ሳሉ ተነሣበት። በልማዱ ትንፋሹን አፍኖ፣ አፉን በመዳፉ ከደነ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሚስቱ እጁን ከአፉ ላይ አነሣች።

«ሳል» አለችው።

«ሰው ይሰማል።»

አጠገቡ ካሉት አልጋዎች ላይ በሽተኞች ተኝተዋል፣ ጠያቂዎቻቸው በሹክሹክታ ያወራሉ።

«ይስማ። ሳል።»

እፍታው ሳለ። ከሥር ከመሠረቱ፣ ደረቱ እየተሰነጠቀ፣ ሰዎች ዞር ብለው እስኪያዩት ድረስ ሳለ። ሚስቱ ጀርባውን እያሻሸች፣ ይህን ሁሉ ዓመት አብራው ስትተኛ ሰምታው የማታውቀውን ድምፅ እስኪያልቅ ሰማችው።